የአንኮበሯን ወፍ ፍለጋ ወደ ጓሳ

ወፍ ለማየት ብሎ ስንቅ ቋጥሮ መንገድ መነሣት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ወፍ በየጓሮው አለች። ጠዋት በጩኸቷ ትቀሰቅሰናለች፤ እህል ስናሰጣ ታስቸግረናለች፤ ልጅ አስቀምጠን እናስጠብቃታለን። ከዚህ ያለፈ ጉዳይ የለንም። ቀኑን ሙሉ ወፍ ሲያይ የዋለ ሰውም ሥራ እንደ ፈታ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ወፍ ለማየት ብቻ ባሕር አቋርጠው የሚጓዙ ብዙ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ያዩትን ወፍ ስም በደብተር ይመዘግባሉ፤ ያላዩትን ለማየት ደግሞ ለሌላ ዓመት ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ወደ አገራችን ሲመጡ አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ወፎች መካከል ሁለቱ የሚገኙት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፤ አንዷ በመንዝ ገደል አፋፍ፣ ሌላው በመርሐቤቴ ሸለቆ።

ይህ አምድ የሚያወጋችሁ ብዙውን ጊዜ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጤናና ስለ ጓዳ ነው። ዛሬ ወደ ወፍ አገር ልወስዳችሁ ስነሣ ከቤት የራቅሁ ሊመስላችሁ ይችላል። ትንሽ ብትታገሡኝ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከቤት ጣራ፣ ከምድጃና ከእንቁላል የማይወጣ መሆኑን ታዩታላችሁ።

በቅድሚያ ስለ ወፏ ጥቂት ልበላችሁ። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህም ጥቂቶቹ ከአገራችን ውጪ በየትም የማይገኙ ብርቅዬዎች ናቸው። በመጻሕፍት «የአንኮበር ሰሪን» የሚል ስም የተሰጣት ትንሽ ወፍ አንዷ ናት። መልኳን ብነግራችሁ ግን የምትደነቁ አይመስለኝም። ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ ደረቷና ሆዷ በፈዘዘ መደብ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ጭረት ተሰምሮበታል። ብዙዎቹ ዘመዶቿ ጅራታቸው ሥር የሚያሳዩት ደማቅ ቢጫ እንኳ እርሷ ዘንድ የለም። በእጅ መዳፍ ላይ ብታርፍ መዳፉን እምብዛም አታልፈውም። ከጎረቤት ጓሮ ብታገኟት ሁለተኛ ዞራችሁ የማታዩዋት ዓይነት ናት።

ምናልባትም በዚሁ ምክንያት ይሆናል ሊቃውንቱ ሳያዩዋት ብዙ ዘመን የኖረችው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ከአውሮፓ መልእክተኛውም፣ ነጋዴውም፣ የተፈጥሮ ተመራማሪውም ወደዚያ ይመጣ ነበር። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለው ጣሊያናዊ የወፎች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ሸዋ መጥቶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት በአንኮበር አቅራቢያ በሚገኘው ልጥ ማረፊያ ተቀምጦ ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አርፏል። የአንኮበሯ ወፍ ግን ለሳይንስ የታወቀችው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያገኛት ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ የአእዋፍ አጥኚ ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሟ ተመዝግባ ለዓለም የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የአገሩ ሰው እንደሆነ ሁልጊዜም ያያት ነበር፤ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ለብዙ ዓመታት ከአንኮበር አካባቢ ሌላ አገር ያላት አይመስልም ነበር። በኋላ በዚያው የገደል መስመር ወደ ሰሜን እስከ መንዝ ጓሳ ድረስ፣ ከዚያም ርቆ በሰሜን ተራሮች ተገኝታለች። ኑሮዋ በገደል አፋፍ ላይ ነው። በመንጋ ሆና መሬት ላይ ትለቅማለች፤ ምግቧ የሣርና የአረም ዘር ነው፤ ጎጆዋን በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ ትሠራለች። እንግዲህ አፋፉ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት፣ ወይም ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ወይም ከብት አለልክ ሲሰማራበት መሬቷ ይጠባል ማለት ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ለአእዋፍ እጅግ ጠቃሚ ናቸው ብሎ 69 ቦታዎችን ሲዘረዝር የአንኮበርና ደብረ ሲና ገደልን፣ የመንዝ ጓሳንና የጀማን ሸለቆ ያካተተውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ መንገድ እንጀምር። እኔ የሄድሁት በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ከአዲስ አበባ በጠዋት ብትነሡ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት። ቁርሳችሁን እዚያ ብሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ብርድ ባዶ ሆድ አይወድም። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያኖች ተራራውን ፈልፍለው ከሠሩት ዋሻ ሳትገቡ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። መንገዱ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይወስዳል። በስተቀኝ በኩል አልፎ አልፎ ምድር የተቆረጠች መስሎ ይታያችኋል። ያ ገደል ነው። ከሥሩ የይፋት ቆላ፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ሜዳ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ መኪናው ሲቆም እጃቸውን ያዙ።

ጓሳ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ከፊሉ በገደሉ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ከፊሉ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። የጥብቁ ቦታ ስፋት ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ያስፈልጋል። ራስ ቢከብዳችሁ አትደንግጡ፤ እረፉ። ሕፃን ይዞ ማደሩን ግን እኔ አልመክርም። በጥር ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያለብሰዋል፤ ጋቢ አንድ ብቻ ይዞ መሄድ ለራስ አለማዘን ነው። በኋላ አንዲት የመንዝ ባና ስታለብሱኝ ነው የእጄን ጣት መልሼ ያገኘሁት።

ወፍ የሚታየው ፀሐይ ወጥታ ሣሩን ሞቅ ስታደርገው ነው። ከማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያ አንድ የአካባቢው ጥበቃ መርቶን በእግር ወጣን። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ ከሌላችሁም ዝምታና ትዕግሥት ይበቃል። ነጭ ልብስ ግን አትልበሱ። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ጋጋኖ ነው፤ ረግረጉ ላይ በመንጋ እየተራመደ በረዥም ምንቃሩ መሬቱን ይወጋል፤ ሲነሣም በጩኸቱ አገሩን ያምሰዋል። በጅረቱ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ትቆማለች። እርሷም የኢትዮጵያ ብርቅዬ ናት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ወደ ጀርባዋ አጥፋ ስትቆም የበረዳት ትመስላለች። ሣሩ ውስጥ ጉሮሮዋ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነች፣ በደረቷ ጥቁር ሐብል ያሠረች ሌላ ብርቅዬ ወፍ አለች። ከላይ ደግሞ ቅልጥም ሰባሪ ያንዣብባል። አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ አለት ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው እርሱ ነው፤ ስሙን ያወጡለት አባቶች ሥራውን አይተው ነው።

የጭላዳ መንጋም ታገኛላችሁ፤ ተቀምጠው ሣር በእጃቸው ሲነጩ ጎመን የሚቀጥፉ ባልቴቶች ይመስላሉ። በመካከላቸው አንዲት ቀይ ቀበሮ ረጋ ብላ ስትሄድ አየን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥር 500 አይሞላም፤ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ከርሷ አይሸሹም። በዚሁ በጓሳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ ቀበሮዋ በጭላዳ መንጋ መካከል ስታድን አይጥ የመያዝ ዕድሏ ብቻዋን ሆና ከምታድንበት ጊዜ እጅግ ይበልጣል።

ወፏን ያገኘናት ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወደ ቀትር ሲቃረብ ነው። ከገደሉ ከንፈር ሥር ነፋስ ሽቅብ ይነፍሳል። እዚያ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ በበቀለበት ጠፍ ላይ ሠላሳ ያህል ትናንሽ ወፎች እየተንደረደሩ ይለቅሙ ነበር። መሪያችን በጣቱ አሳየኝ። መነጽሩን አነሣሁ፤ ጭረቷ ታየኝ። ወዲያው አንድ ነገር ያስደነገጣቸው ይመስል ሁሉም ባንድነት ተነሥተው፣ ድንጋይ እንደ ተወረወረ፣ በገደሉ ጫፍ ወደ ታች ጠፉ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሽቅብ ተመለሱና እዚያው ቦታ አረፉ።

ይቺ ጭረታም ወፍ እስከ ዛሬ በዚህ አፋፍ ላይ መኖሯ የማን ሥራ ነው? የሣሩ ጠባቂዎች ሥራ ነው። ጓሳ ማለት የሣሩ ስም ነው፤ ቦታው በሣሩ ተጠራ። ይህ ሣር ለመንዝ ሰው ጣራው ነው፣ ገመዱ ነው፣ እረኛው በዝናብ የሚለብሰው ገሳ ነው። ደጋው ቀዝቃዛ፣ ዛፉም ጥቂት በመሆኑ፣ ሣሩ ቢያልቅ የሚተካ ሌላ ነገር አልነበረም። ስለዚህም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው በሚባል ሥርዓት ቦታው በጋራ ሲጠበቅ ኖሯል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። መሬቱን መጀመሪያ ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው ይላል የአገሩ ታሪክ፤ ጓሳም በሁለቱ ዘር ተካፍሎ፣ ለየወገኑ አለቃ ተመርጦ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ተደግፎ ይጠበቅ ነበር። ቦታው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ማብቂያ ላይ አዋጅ ይነገርና ይታጨዳል፤ ከዚያም ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ፣ በሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። ከአዋጁ አስቀድሞ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው የሚደርስበት ቅጣት ቀላል አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ በዘር ላይ የቆመው የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ባላባትና ገባር መቅረቱ ለብዙ ጭሰኛ ቤተሰብ እፎይታ ነበር፤ በጓሳ ግን ዘበኛው አብሮ ቀረ። ቀድሞ መብት ያልነበረውም፣ የነበረውም ገባ፤ የተወሰነው መሬት ታረሰ፤ ሣሩ ተመናመነ። በኋላ የአካባቢው ሰው ራሱ ተሰብስቦ በቀበሌና በሽማግሌ በኩል አዲስ መተዳደሪያ አወጣ፤ ጥበቃ ቀጠረ፤ በክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ታወቀ። በዓለም ላይ ብዙ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታዎች ሰውን አስወጥተው የተከለሉ ናቸው። ይህኛው ግን ሰዎች ለራሳቸው ጣራ ሲሉ የከለሉት ነው። ወፏ በዚያ መካከል የቤቱን ኪራይ ሳትከፍል የምትኖር ደባል ናት።

ከጥብቁ ቦታ ዳር ባለች አንዲት መንደር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ባናውን ያለበሱኝ ናቸው። «ግቢ ልጄ፣ ብርዱ ክፉ ነው» ብለው ወደ ምድጃው አስጠጉኝ፤ የገብስ ቆሎም ሰጡኝ። በመንዝ ጠጉሩን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማኔው ባናውንና በርኖሱን ይሠራል። የእኚህ እናት ትልቁ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ማድ ቤቱ ግን ጓሳ ለብሷል።

«እማማ፣ የትኛው ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቆርቆሮው ያኮራል፤ ጓሳው ያሞቃል» አሉኝ።

ጓሳ በደንብ ተደርጎ ከተከደነ ለልጅ ይተርፋል፣ በረዶ ሲወርድም ጆሮ አያደነቁርም ብለው አጫወቱኝ። የወፏን ሥዕል ከመጽሐፍ አውጥቼ አሳየኋቸው። ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ካዩ በኋላ ሣቁ። «ይቺማ የእኛዋ ናት! ለዚች ነው እንዴ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሽ?» ሲሉኝ አብሬያቸው ሣቅሁ።

ሣቁ ካበቃ በኋላ ግን ቁም ነገሩን ነገሩኝ። ቦታው ሲዘጋ ለጣራ የሚሆነው ሣር ይተርፋል፤ ይህን ሁሉም ይስማማበታል። ማገዶውስ? ለምድጃ የሚሆነው ጨረንፌ የሚገኘውም እዚያው የተዘጋው ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩበት ይነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ለገብሱ ማሳ ፍግ ይጎድላል። ወይም ደግሞ እናቲቱና ልጂቱ እንጨት ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ። ከላይ የመጣ ባለሙያ ስለ ወፍና ስለ ቀበሮ ያስተምራል፤ ሴቲቱ የምትጠይቀው ስለ ማገዶ ነው። ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ! እኔ እንደማየው ቦታው ሲዘጋ የሚረዝመው የሴቷ መንገድ ነው። እንግዲያውስ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት የሚለው ሲመከር እርሷ ከሸንጎው ልትጎድል አይገባም።

ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። በየመንደሩ ቆርቆሮ እየበዛ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ መከልከልም አይገባም። ሣር ጣራ የድህነት ምልክት ሆኖ በሚታይበት ጊዜ «ቆርቆሮ አትክደኚ፣ ለወፍ ስትይ» ተብሎ አይነገርም። ነገር ግን ሣሩ ለጣራ ካልተፈለገ የሚጠበቅበት ምክንያት ይሳሳል፤ ገብስ የሚዘራና ባሕር ዛፍ የሚተክል ዐይኑን ይጥልበታል። ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከነዚህ ምክንያቶች አንዱ የእንግዳው ገንዘብ ነው። ወፍ ሊያይ የመጣ ሰው የመግቢያ ይከፍላል፤ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ያድራል፤ ባና ወይም ምንጣፍ ይገዛል፤ ለመሪው፣ ለበቅሎው፣ ለምግብ አብሳይዋ ይከፍላል። ሣሩ በጣራነት የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ ባለ መንገድ በከፊል ሊተካ ይችላል።

ይህ ገቢ ግን ሰላም ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መንዝ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጠረ። በነዚህ ዓመታት ሣሩን የጠበቀው ሰው የጠበቀው የእንግዳ ገንዘብ አይቶ አይደለም። ስለዚህ እናንተም ለመሄድ ስታስቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ፤ ቤተሰብ ይዞ በጭፍን አይነሡም። የተረጋጋ ጊዜ ሲገኝ ግን ጉዟችሁ ለወፏም፣ ለፈታይዋም ይጠቅማል።

ጊዜ ያለው ሰው ከጓሳ ወደ ሰሜን ቀጥሎ የግሼን አገር፣ ራቤልን ያያል። ገደሉ እዚያም አያልቅም።

ሁለተኛዋ ወፍ ያለችው በሌላው ወገን፣ በመርሐቤቴ ነው። በካርታ ላይ ስታዩዋቸው መንዝና መርሐቤቴ ጎረቤት ናቸው። በመካከላቸው ግን ሸለቆ በሸለቆ ላይ ተደራርቧል፤ የወንጪትና የጀማ ወንዞች አገሩን እንደ እንጀራ ቆርሰውታል። ለመኪና የሚቀለው መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ተመልሶ ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው ነው። ከለሚ ወዲያ መንገዱ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ጠዋት ለሚ ላይ የደረባችሁትን ካፖርት ወንዙ ጋ ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ።

እዚህ የምትፈለገው ወፍ ቆቅ ናት፤ ነገር ግን በየማሳው የምናውቃት ተራ ቆቅ አይደለችም። በመጻሕፍት «የሐርዉድ ቆቅ» ትባላለች፤ ስሙን ያገኘችው ከአንድ የወፍ ቆዳ አድራቂ ነው። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ዐይኗ ዙሪያ ቀይ ነው፤ ደረቷ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮ ያጌጠ ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ አትገኝም፤ በአገራችንም የምትኖረው በዓባይ ሸለቆና ወደ እርሱ በሚገቡ እንደ ጀማ ባሉ ወንዞች ሸለቆ ነው። ፊላ በበቀለበት ጅረት ዳር፣ በቁጥቋጦና በማሳ መካከል ትውላለች። ጎሕ ሲቀድ ጮኻ ወደ ማሳው ትወጣለች፤ ፀሐይ ሲበረታ ተመልሳ ትደበቃለች። ስለዚህ ልታዩዋት ብትፈልጉ ሌሊት ተነሡ። እኔ ድምፅዋን ብዙ ጊዜ ሰማሁ፤ እርሷን ያየኋት ግን አንድ ጊዜ፣ ከማሽላው አገዳ ወደ ፊላው ስትሮጥ ነው።

የዚች ቆቅ ችግር ከወጥመድና ከእንቁላል ይጀምራል። ሥጋዋ ይበላል፤ እንቁላሏን እረኛ ልጆች ካገኙት አያልፉትም። ይህን ስጽፍ በልጆቹ ላይ ልፈርድ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ሕፃን እንቁላል ቢያገኝ ምን ይሁን? የሚያስጨንቀው ሌላው ነገር ፊላውና ቁጥቋጦው ለማሳና ለማገዶ መመንጠሩ ነው፤ መደበቂያው ከጠፋ ወጥመድም አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን፣ በየቤቱም ያላችሁ እናቶች ለልጆች አንድ ነገር ልትነግሯቸው ትችላላችሁ፤ የዚች ቆቅ እንቁላል ከዶሮ እንቁላል ጋር በአንድ ቅርጫት የሚቆጠር አይደለም። ከከተማ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱም ወንጭፉን ከቤት አስቀሩ፤ ጎጆ ብታገኙም አትንኩ፤ አትቅረቡም። ፎቶግራፍ ለማንሣት ተብሎ ከጎጆዋ የተነሣች ወፍ እንቁላሏ ይቀዘቅዛል፤ ቁራውም ከላይ ሆኖ ይመለከታል።

ጀማ ላይ ሌላ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ጥንብ አንሳ። አጸያፊ ወፍ ነው ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ። በሸለቆው ገደሎች ላይ የሚኖረው የሩፔል ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ዝርዝር እጅግ ከባድ የመጥፋት አደጋ ካንዣበባቸው ወፎች ጋር ተመድቧል። ከጠላቶቹ ዋነኛው መርዝ ነው። ጅብ ወይም የባዘነ ውሻ ለመግደል ሥጋ ላይ መርዝ ይነሰነሳል፤ ጥንቡን የሚበላው ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል።

ጉዳቱ ለሰው እንደሚተርፍ ሕንድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚያ አገር ከብት በሚታከምበት ዲክሎፌናክ በተባለ መድኃኒት የተነሣ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ አለቁ፤ ይኸው መድኃኒት በእኛም ቤት ለሕመም ማስታገሻ የምንውጠው ነው። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻ በዛ፤ የውሻ በሽታም አሳሰበ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ጥንብ አንሳዎቹ ግን እስካሁን ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው አልተመለሱም። በየሰፈራችን ለውሻ መርዝ ይነስነስ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ይህን የምታስታውስ እናት በዕድሩ ብትናገር ደግ ነው፤ መርዙን የሚያነሣው ልጅም ሊሆን ይችላልና።

ከዓለም ከተማ ስትመለሱ ረፋዱ ላይ ጀማ ድልድይ አጠገብ መኪናችሁን አቁሙ። ቆቋ በዚያ ሰዓት ተደብቃለች፤ አትፈልጓት። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ መነሣት ይጀምራል፤ ጥንብ አንሳዎቹም ከየእርከናቸው አንድ በአንድ ይወርዱና ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ይወጣሉ። መነጽር አያስፈልጋችሁም። ስንቅ ከተረፋችሁ እዚያው ጥላ ስር ተቀምጣችሁ ብሉ፤ ልጆቹ ይቁጠሩ። የእኔ ጓደኛ ልጅ አሥራ ሰባት ቆጥሮ ደከመው፤ ዳቦውን አንሥቶ መብላት ጀመረ።